የክላስ ልጅ

«ኧረ ሙላው፣ ሂተሩን ጨምረው፤ እግሬ እኮ የለም!»

«ጫፍ ላይ ነው ጋሼ። ከዚህ በላይ ጨምር ካልከኝ ወርጄ መግፋት ነው የቀረኝ።»

ይህን የምንባባለው ናይንቲፎር አውራ ጎዳና ላይ፣ ከኒው ሆፕ ወደ ሴንት ፖል፣ በሰዓት ሠላሳ ማይል እየተሳብን ነው። ዕለቱ ረቡዕ፣ ጥር 22 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የአስተርእዮ ማርያም ማግስት ነበር። ፈረንጆቹ ጃንዋሪ ሠላሳ፣ 2019 ይሉታል። ያን ቀን በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የዋለ ሰው አይረሳውም። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት ፋራናይት ገብቶ፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ተዘግቶ፣ ፖስተኛው እንኳ ደብዳቤውን ትቶ ቤቱ የተቀመጠበት ቀን ነው። እኛ ግን ሥራ እየገባን ነበር። የቤተ ሥዕል ጠባቂዎች ነና! ሰው መጣም አልመጣም ሥዕሉ ጠባቂ ይፈልጋል፤ እንዲያ ነው ሕጉ።

ጋሼ ኃይለማርያም እኔ መኪና ውስጥ የገባው የሱ መኪና ባትሪ ሞቶበት ነው። ጭኑ ላይ በፎጣ የተጠቀለለ፣ መጽሐፍ የሚያህል ነገር ይዟል። በሁለት እጁ ነው የያዘው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ፎቶ ነው።»

«የምን ፎቶ?»

«መንገዱን እይ አንተ! በረዶ ላይ እኮ ነው የምትነዳው።»

ዝም አልኩ። ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ የሚያውቁኝ ያውቁታል። ግን የሰውዬው ፊት ልክ አልነበረም። አንቱ ልልህ ይገባኛል ብዬ ብለምነው አሥራ ዘጠኝ ዓመት እምቢ ያለኝ፣ ሳቅ የሚወድ ሰው ነው። ያን ቀን ጠዋት ግን ኃይለኛ ነገር የመጣበት ይመስል ከንፈሩን ነክሶ መስኮቱን ብቻ ያያል። መስኮቱ ደግሞ በውርጭ ተሸፍኖ ምንም አያሳይም።

ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። በደርግ ጊዜ አሥር አለቃ ኃይለማርያም ይባል ነበር፤ የጦሩ የሬዲዮ ሠራተኛ። በግንቦት 1983 ጦሩ ሲበተን አንዲት የዓመት ሕፃን አዝሎ በሞያሌ በኩል ኬንያ ገባ። ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ፣ ከዚያ ካኩማ፣ ከዚያ ሚኒሶታ። ሕፃኗ ቤዛዊት ናት። እናቷ ብዙነሽ ዋልዳ ላይ በወባ ሞተች፤ እሱም ከዚያ ወዲህ ሌላ ሴት አላየም። ስንት ጊዜ ልድረው ደፋ ቀና ብያለሁ! «ልጅ አለችኝ» ይለኛል፤ በቃ። ፀጉሯን ራሱ እየሠራ፣ የተቀደደ ልብሷን ራሱ እየሰፋ፣ ነርስ አድርጎ አስመረቃት። ኤዶሳ ለሚባል ጨዋ ልጅ ዳራት፤ አሁን አፕል ቫሊ ነው የሚኖሩት። እንደሱ ያለ አባት እኔ አላየሁም። ይህን የምለው ስለሞተ አይደለም፤ በሕይወት አለ፣ ቢሰማኝም ደስታውን አልችልም።

የምንሠራበት ቤተ ሥዕል ትንሽ ነው፤ ስሙን ልተወው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሆላንዶች ክፍል አለ። ጋሼ እዚያ ነው የሚቆመው። ሱፐርቫይዘሩ ሌላ ቦታ ላዙርህ ባለው ቁጥር እምቢ ይላል። ምክንያቱ አንድ ሥዕል ነው።

ሥዕሉ ሦስት መቶ ሰባ ዓመት አልፎታል። አንድ ሽማግሌ መስኮት ሥር ተቀምጦ፣ ዓይኑን አጥብቦ፣ መርፌ ውስጥ ክር ሊያስገባ ይታገላል። ጉልበቱ ላይ ተረከዙ የተቀደደ የትንሽ ልጅ ካልሲ አለ። ሌላ ምንም የለውም። ከጎኑ ያለው ጽሑፍ የሠዓሊዋንና የሥዕሉን ስም ይናገራል፤ «ዬኔከ ክላስዶኽተር። የሠዓሊዋ አባት።»

ሥራ በገባሁ ሰሞን ስሙን ያስረዳኝ ጋሼ ነው።

«ዶኽተር በነሱ ቋንቋ ሴት ልጅ ማለት ነው» አለኝ። «ክላስዶኽተር፣ የክላስ ልጅ። ወንድ ብትሆን ኖሮ ክላስዞን ይሏት ነበር።»

«እኔ ደግሞ ሐኪም ናት ብዬ!»

«አትቀልድ። አየህ፣ ያን ጊዜ ብዙው ሰው የቤተሰብ ስም የሚባል ጣጣ የለበትም። ስምህ ማን ነው? የማን ልጅ ነህ? አለቀ። ልክ እንደኛ! በኋላ ሊቃውንቱ መጡና የአባቷን ስም ላስት ኔም አድርገው መጽሐፍ ውስጥ ከተቱት። ዛሬ ሥዕሏ ገበያ ሲወጣ አንድ ክላስዶኽተር ተገኘ ነው የሚባለው። የሷ ስም ጠፍቶ የአባቷ ይጠራል።» ከዚያ ሳቀ። «የኔም ልጅ እንደዚያው ናት። ክሊኒክ ስንሄድ ሚስ ኃይለማርያም ሲሏት አቤት የምለው እኔ ነኝ።»

ይህን ሲናገር ደስታው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። የሱ ስም ልጁ ላይ ተለጥፎ አሜሪካን አገር ሲጠራ መስማት ይወድ ነበር። እኔም እወድለት ነበር። ምን አውቄ!

ወደዚያ ረቡዕ ልመለስ። ከሱ በፊት በነበሩት ቀናት ሁለት ነገር ሆነ።

እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ቤዛዊት መጣች፤ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እኔም አጠገቡ ነበርኩ። ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ይዛ «አባዬ፣ ስማ» አለችው። «ከኤዶሳ ጋር ተነጋግረን ጨረስን። የልጁ ላስት ኔም ኃይለማርያም ነው የሚሆነው። የኤዶሳ ወንድሞች ብዙ ናቸው፣ ስማቸው አይጠፋም። አንተ ግን ወንድ ልጅ የለህም። ስምህ እዚህ አገር እንዲቀር እፈልጋለሁ።» እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ጋሼ ግን «ይሁን፣ እናያለን» ብሎ ተነሥቶ ሄደ። ደስታው አስደንግጦት ነው አልኩ።

ሰኞ ደግሞ ሥራ ስንገባ የሥዕሉ ጽሑፍ ተቀይሯል። ዶክተር ሂልዳ የምትባል የሥዕሎቹ ኃላፊ አለች፤ ደግ ሴትዮ ናት፣ ጠባቂ ብላ አትንቀንም። ቆማ አስረዳችን። ሆላንድ ውስጥ የአንድ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ ተገኘ። ዬኔከ የክላስ ልጅ አይደለችም። አባቷ ያን የሚባል የክላስ ወንድም ነው፤ መርከበኛ ነበር፣ ባሕር ላይ ቀረ። ክላስ ወሰዳት፣ አሳደጋት፣ ሥዕል አስተማራት። የሠዓሊዎቹ ማኅበር ከሠዓሊ ልጅ በቀር ሴት አይቀበልም ነበርና «ልጄ ናት» ብሎ አስመዘገባት። በቃ፣ ያ መዝገብ ነው ሁሉንም ሲያሳስት የኖረው። አዲሱ ጽሑፍ «ዬኔከ ያንስዶኽተር፣ ክላስዶኽተር በመባል የምትታወቅ። የሠዓሊዋ አጎት» ይላል።

«ታዲያ ከእንግዲህ በየትኛው ስም ነው የምትጠራው?» አልኳት ዶክተር ሂልዳን።

«ችግሩ እሱ ነው» አለች። «መጽሐፍ ውስጥ የገባ ስም ቶሎ አይወጣም። ለጊዜው ሁለቱንም እንጽፋለን።»

እኔ እንግዲህ አፌ አያርፍም፣ ወደ ሽማግሌው ዞሬ «አይ አባባ፣ ከአባትነት ወደ አጎትነት ዝቅ አደረጉዎት! ማዕረግ ተገፈፉ!» ብዬ ሳቅሁ። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው! ጋሼ አልሳቀም። ዶክተር ሂልዳን አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

«ልጅቷ ራሷስ? ቤት ውስጥ ምን ብላ ነበር የምትጠራው?»

«እሱ አይታወቅም» አለችው። «ማንም አልጻፈውም።»

ማክሰኞ ጋሼ ማርያምን ሊያነግሥ ሄዶ ሥራ አልገባም። ረቡዕ ጠዋት ከነፎጣው እኔ መኪና ውስጥ ተቀመጠ።

ቀኑን ሙሉ የመጣው አንድ ሰው ነው፤ እሱም አውቶቡስ ጠፍቶበት ሊሞቅ የገባ። ስምንት ሰዓት ገደማ የጋሼ ስልክ ጮኸ። ቤዛዊት ናት። ድምፅዋ ጥርት ብሎ ይሰማል። «ዳድ፣ መኪናህ እንደሞተች ኤዶሳ ነገረኝ። ጋሽ ሙላው ብሉሚንግተን ሆቴል ሁለተኛ ሥራ አለበት፣ አታልፋው። እኔ መጥቼ ፒክ አደርግሃለሁ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጣራው እስኪነቃነቅ ይጮህባት ነበር። እንኳን በዚያ ብርድ፣ በበጋ ስትነዳ እንኳ እየደወለ የሚያዋክባት ሰው ነው። ያን ቀን ግን «ነይ» አላት። «ዘጠኝ ሰዓት ድረሽ። ላይ ድረስ ውጪ።»

«አብደሃል እንዴ ጋሼ?» አልኩት። «በዚህ ሆዷ?»

«ዛሬ ካልነገርኳት አልነግራትም።»

«ምኑን?»

ዓይኑን ሥዕሉ ላይ እንዳደረገ «አጠገቤ ሁን» አለኝ። «ሥራህን ደውለህ ትንሽ እዘገያለሁ በላቸው። እግሬ ቢከዳኝ የሚይዘኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መጣች። ካፖርቷ ከፊት አልዘጋ ብሏት፣ በላዩ የኤዶሳን ሻርፕ ጠቅልላ፣ ቅንድቧ ላይ ውርጭ ይዛ።

«እንሂድ ዳድ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ ነው የመጣሁት። ካጠፋሁት አይነሣም።»

«መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

ሥዕሉ ፊት አግዳሚ ወንበር አለ። ልጅ ሆና ከትምህርት ቤት ስትወጣ እዚያ ላይ ነበር ተቀምጣ የቤት ሥራዋን የምትሠራው። ተቀመጠችና ሽማግሌውን አይታ ሳቀች።

«ኦ ማይ ጋድ፣ ይሄ ሰውዬ! አሁንም ክሩን አላስገባም?»

«ጽሑፉን አንብቢው።»

አንገቷን አስግጋ አነበበች። «አንክል? አባቷ አልነበረም እንዴ?»

«አልነበረም። አባቷ ወንድሙ ነው፤ ያን ይባላል። ባሕር ላይ ቀረ።»

«ሶ ሳድ» አለች። ከዚያ ትከሻዋን ነቀነቀች። «ግን ያሳደጋት እሱ ነው አይደል? ካልሲዋን እየሰፋላት። ሁ ኬርስ መዝገቡ ምን እንዳለ?»

«ያንስ?»

«ማን?»

«ያን። ልጅ ወልዶ፣ ስም ሳይኖረው፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ልጅ እንደሌለው ሰው የተቆጠረው። ለሱስ ማን ኬር ያድርግለት?»

ቤዛዊት ዞራ አየችው። ነርስ ናት፤ የታመመ ሰው ፊት ታውቃለች። «ዳድ፣ ኦኬ ነህ? ደረትህን ያምሃል?»

ፎጣውን ፈታው። ውስጡ ያለውን እኔም አውቀዋለሁ። ቤቱ የገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከቴሌቪዥኑ በላይ የሚሰቀለው የሠርግ ፎቶ ነው፣ ከአገር የወጣ ብቸኛ ፎቷቸው። ብዙነሽ ቬሎ ለብሳ መሐል ቆማለች። በግራዋ ጋሼ ኃይለማርያም በወጣትነቱ፣ ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ደረቱ ላይ አበባ ሰክቶ። በቀኝዋ ደግሞ ፍሬሙ የቆረጠው አንድ እጅ አለ፤ እጇን ይዟታል፣ ባለቤቱ ግን አይታይም።

ፍሬሙን ገልብጦ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና የጀርባውን ሚስማሮች በቤት ቁልፍ አንድ በአንድ አጎበጣቸው። ላግዘው ብል ገፋኝ። ካርቶኑን አወጣ። ፎቶው ከፍሬሙ ይሰፋል፤ ወደ ኋላ ታጥፏል። ዘረጋው።

ያ እጅ ሰው ሆነ። ማዕረጉን ትከሻው ላይ ያደረገ መኮንን፣ ረጅም፣ ጥርሱ እስኪታይ የሚስቅ። እጥፉ ያለፈበት መስመር ላይ ወረቀቱ ተልጦ ክንዱ ነጭ ሆኗል።

ቤዛዊት ጣቷን እጁ ላይ አሳረፈች። «ይሄን እጅ ልጅ ሆኜ ጠይቄህ ነበር። የሚዜዬ ነው ብለኸኛል።»

«ሚዜው እኔ ነኝ» አላት።

ጣቱን የሚስቀው መኮንን ላይ አደረገ።

«ወንድሜ ነው። መቶ አለቃ በሪሁን። ብዙነሽ የሱ ሚስት ናት። አንቺ ቤዛዊት ኃይለማርያም አይደለሽም። ቤዛዊት በሪሁን ነሽ።»

«ኖ» አለች።

«ቤዛዬ...»

«ኖ! ስቶፕ። ምን እያልክ ነው?»

እኔ ቀና ብዬ ጣራው ላይ ያለውን የጥበቃ ካሜራ አየሁ። ድምፅ ይቀዳ ይሆን? የሰው ወረቀት፣ የሰው ዜግነት እኮ ነው! እንዲህ ባለ ሰዓት እንዲህ ያለ ሐሳብ ይመጣል። ጋሼ ግን ለካሜራም ለእኔም ደንታ አልነበረውም፤ ሃያ ስምንት ዓመት ያጠራቀመው ነው የወጣው።

«ወደ አምቦ መስመር ሲወጣ አንቺን ስሞ ለኔ ሰጠኝ። ልጄንና ብዙነሽን አደራ አለኝ። አልተመለሰም። ይዣችሁ ወጣሁ። ብዙነሽን ዋልዳ ላይ ቀበርኳት። ካኩማ ላይ ለአሜሪካ ስንጠየቅ ይቺ ልጅ ማን ናት አሉኝ። የወንድሜ ልጅ ብል የአባቷን መሞት በወረቀት አስረዳ ይሉኛል። ጦር ሜዳ ለቀረ ሰው ወረቀት ከየት ይመጣል? አንቺን ከኔ ይለዩሻል ብለው ሰዎች አስፈራሩኝ። ልጄ ናት በል፣ እዚያ ስትደርስ ታስተካክለዋለህ አሉኝ። እኔም አልኩ።»

«ታዲያ እዚህ ስንደርስ ለምን አልነገርከኝም?»

«አባዬ አልሽኝ። የሦስት ዓመት ልጅ ሆነሽ፣ ቃለ መጠይቁ ላይ አጎቴ እንዳትዪኝ ብዬ አስተማርኩሽ። አልፎ ሄደ፣ አንቺ ግን አልተውሽም፤ አባዬ፣ አባዬ። እኔም ደስ አለኝ። መዋሸቴን እግዜር ይቅር ይለኝ ይሆናል። ደስ ማለቴን ነው እኔ ለራሴ ይቅር ማለት ያቃተኝ። ወንድሜ ሞቶ እኔ ደስ አለኝ።»

እንባው ወረደ። አልጠረገውም።

«እሁድ ስሜን ለልጅሽ እሰጣለሁ አልሽ። እሱ መቃብር እንኳ የለውም ቤዛዬ። ያለው አንቺ ነሽ። ያንንም ልወስድበት? አደራ በላሁ። የወንድሜን አደራ በላሁ።»

ቤዛዊት ተነሣች። ሆዷን ይዛ ነው የተነሣችው። ጮኸች አልልም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር።

«በየቀኑ ጠዋት እዚያ ፎቶ ሥር ቁርስ እበላ ነበር» አለች። «እናትና አባቴ እያልኩ። እሱ ከኋላ ታጥፎ። አንተ በእጅህ አጥፈኸው። እንዴት አድርገህ አጠፍከው? እንዴት ቻልክ?»

«አልቻልኩም።»

ፎቶውን ከጉልበቱ አነሣችና ካፖርቷ ውስጥ ከተተችው። ፍሬሙን ወንበሩ ላይ ተወችው። በሩ ጋ ደርሳ ሳትዞር «ተነሥ፣ መኪናው እየጠበቀ ነው» አለችው።

በመስኮት አየኋቸው። እሷ ከፊት፣ እሱ በሦስት እርምጃ ከኋላ፣ በዚያ ነጭ ብርድ ውስጥ። በሩን ከፍታለት እስኪገባ ቆመች። ከሴንት ፖል እስከ ኒው ሆፕ አንዲት ቃል እንዳልተናገረችው በማግሥቱ ነገረኝ። ሲወርድ ብቻ የሱ ሻርፕ መሬት ወድቆ ኖሮ አንሥታ ሰጠችው፤ ከዚያ ሄደች።

ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ቀን አልደወለችም። ሲደውልም አታነሣም። ጋሼ ሥራ ይመጣል፣ ሥዕሉ ፊት ይቆማል፣ ምሳውን ሳይከፍተው ይዞት ይመለሳል። አንድ ቀን ሊወድቅ ሲል ይዤዋለሁ። ቤቱ ስሄድ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል፤ ከሚስማሩ ትይዩ ተቀምጦ ያየዋል። «ትታረቅሃለች» አልኩት። «ልጅህ አይደለች?» አልኩና ደነገጥኩ።

በሃያኛው ቀን ጠዋት ኤዶሳ ደወለ። ጋሼ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገው።

«አባባ፣ ተገላገለች። ወንድ ነው። ሁለቱም ደኅና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይምጡ።»

«አንተ ነህ ና ያልከኝ ወይስ እሷ ናት?»

«እሷ ናት አባባ። ጋሽ ሙላው ያምጣዎት፣ ብቻቸውን እንዳይነዱ ብላለች።»

እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። ሆስፒታሉ በር ላይ የምትመዘግብ አንዲት ወጣት ፈረንጅ ጋሼን አይታ ፈገግ አለች። «ግራንድፓ?» አለችው፤ እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ።

አዎ በላት! እላለሁ በልቤ። ማን ይጠይቅሃል? ማን ያውቃል? አንድ ቃል ናት!

ባርኔጣውን አወለቀ። «አይደለሁም» አላት በእንግሊዝኛው። «የእናትየው አጎት ነኝ።»

እሷም ምኗ ይነካል፣ «አጎት» ብላ ተለጣፊ ወረቀት ላይ በትልልቁ ጻፈችና ካፖርቱ ላይ፣ ደረቱ ላይ ለጠፈችለት። እንደዚያ ሆኖ ኮሪደሩን ሄደ። እኔ ከኋላው እንባዬን እየዋጥኩ ነው የተከተልኩት፣ መቼስ ምን አደርጋለሁ።

ክፍሉ ውስጥ ቤዛዊት አልጋው ላይ ቀና ብላለች። ኤዶሳ ሕፃኑን ይዟል። የመስኮቱ ደፍ ላይ ያ ፎቶ ቆሟል፣ ተዘርግቶ፤ የተላጠው መስመር በቁስል ፕላስተር ከኋላ ተይዟል። ሦስቱም ይታያሉ፤ መቶ አለቃው፣ ሙሽራዋ፣ ሚዜው።

ጋሼ በሩ ላይ ቆመ። አልገባም። ቤዛዊት ፊቱን አላየችም፤ ደረቱን ነው ያየችው። ጽሑፉን አነበበችው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ዓይኗ ሞላ።

«ስሙ ማን ተባለ?» አልኩ እኔ።

«በሪሁን» አለ ኤዶሳ። «በሪሁን ኤዶሳ።»

ጋሼ አንገቱን ደፋ። የፈለገው ይኸው ነበር፤ ስሙ በልጁ ላይ አይቀጥልም፣ የወንድሙ ቀጠለ። የፈለገውን ያገኘ ሰው እንዲያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።

«ካፖርትህን አውልቅ እንጂ አባዬ» አለች ቤዛዊት፤ ድምፅዋ ደክሟል፣ ተቆጥታለችም። «ይሄን ሁሉ ብርድ ይዘህ ልጁን ልታቅፈው ነው?»

ክላስን ልጅቷ ቤት ውስጥ ምን ብላ እንደጠራችው ማንም አልጻፈውም። ይሄኛውን እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ጽፌዋለሁም።

ካፖርቱን አወለቀ። ኤዶሳ ተቀብሎ ከነጽሑፉ ወንበሩ ላይ ጣለው። ጋሼ እጁን አሸት አሸት አድርጎ አሞቀና ሕፃኑን ተቀበለ።

«ጥራው» አለችው። «አንተ ጥራው። አንድም ቀን ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም።»

አፉን ከፈተ፣ አልወጣለትም። ሃያ ስምንት ዓመት ያልጠራው ስም ነው።

«በሪሁን» አለ።

ልጁ ተኝቷል።

«በሪሁን!» አለ ደግሞ፤ አሁን ጮክ ብሎ፣ ከወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠሩት። ከዚያ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጸጥ ብሎ አዳመጠ።